ተንቀሳቃሽ የሌዘር ሕክምና መሣሪያ፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

«25 ዋት» ተብሎ የሚሸጥ መሣሪያ «200 ሚሊዋት» ከሚለው ያነሰ ብርሃን ለታመመ ጉልበት ሊሰጥ ይችላል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው። ስለዚህ ካርቶኑን ከማንበብ በፊት አንዲት ስሌት መያዝ ይጠቅማል፦ አማካይ ኃይል በዋት ሲባዛ በሰከንድ፣ ውጤቱ ጁል ነው (ሚሊዋት የዋት አንድ ሺኛ ነው)። ሰውነት የሚቀበለው መጠን የሚቆጠረው በጁል ነው።

በእጅ የሚያዘው ክላስ 3ቢ

ክላስ ማለት ሌዘሩ ለዓይንና ለቆዳ ባለው አደገኛነት የሚመደብበት ደረጃ ነው። የዚህ ክላስ ጣሪያ ለአንድ ጨረር 500 ሚሊዋት ነው። የሞገድ ርዝመቱ በአብዛኛው 808 ወይም 830 ናኖሜትር፣ ማለትም ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው። ጉልበት ላይ በየነጥቡ 4 ጁል መስጠት ተፈለገ እንበል። ባለ 200 ሚሊዋቱ በ20 ሰከንድ ይጨርሳል። 5 ሚሊዋት ብቻ የሚሰጥ፣ ለምሳሌ እንደ ሰዓት እጅ ላይ የሚታሰር ቀይ ብርሃን፣ ለዚያችው አንዲት ነጥብ 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈልጋል። ስድስት ነጥብ ከሆነ 80 ደቂቃ መሆኑ ነው። ለዚህ ሥራ የእጅ ማሰሪያውን እንተወው።

ብዙ ዳዮድ (ብርሃኑን የሚያመነጭ ትንሽ ክፍል) ያለው የመሣሪያ ጭንቅላት ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሦስት ባለ 200 ሚሊዋት ኢንፍራሬድና አሥራ ሁለት ባለ 5 ሚሊዋት ቀይ ዳዮዶች ሲደመሩ 660 ይሆናሉ፣ ካርቶኑ ላይም ይኸው ይጻፋል። ዳዮዶቹ ግን ተራርቀው ስለሚቀመጡ፣ አንዲት የምታም ነጥብ ላይ የሚያርፈው በአብዛኛው የአንዱ 200 ነው። ሰፊ ጡንቻ ላይ ይህ አይጎዳም፤ ክርን ላይ ላለች ቀጭን ጅማት ግን ባለ አንድ ዳዮዱ ይሻላል። ጫፉ ቆዳውን ጫን አድርጎ እንዲነካ ተደርጎ ከተሠራ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ደሙን ከሥሩ ገፋ ያደርጋል፣ ከቆዳ ተንጸባርቆ የሚመለሰውም ብርሃን ይቀንሳል።

ክላስ 4

ሳያቋርጥ ከ500 ሚሊዋት በላይ የሚሰጠው ሁሉ እዚህ ይገባል። ባለ 10 ዋት መሣሪያ 300 ጁል በ30 ሰከንድ ይሰጣል። ለወገብና ለጭን፣ በተለይም ብዙ ሰው ለሚስተናገድበት ክሊኒክ፣ ፍጥነቱ ተወዳዳሪ የለውም። ጣጣው ሙቀቱ ነው። እጅ ያለማቋረጥ መንቀሳቀስ አለበት፤ አንድ ቦታ ከቆመ ያቃጥላል። ለቆዳና ለፀጉር ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃን ስለሚመጥ ጠቆር ያለ ቆዳ፣ ንቅሳትና ጥቁር ፀጉር ቶሎ ይሞቃሉ፣ ስለዚህ ኃይሉ ዝቅ ተደርጎ ይጀመራል። ቆዳው ስሜቱን ያጣ ሰው «ሞቀኝ» ሊል አይችልምና ለእሱ ይህ መሣሪያ አይሆንም። በባትሪ የሚሠሩት ላይ ሌላ ጣጣ አለ፦ አንዳንዶቹ ሲግሉ ኃይላቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ፣ ሰዓት ቆጣሪው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ መቁጠሩን ይቀጥላል። ስለዚህ ሻጩን ሙሉ ኃይሉን ሳያቋርጥ ለስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ ጠይቁ። ያልሠለጠነ ሰው ቤት ውስጥ ሊይዘው አይገባም።

በአጭር ፐልስ የሚሠራው 904 ናኖሜትር

የ25 ዋቱ ነገር የሚመጣው እዚህ ነው። ቁጥሩ የፐልሱ፣ ማለትም የአንዲቷ ቅጽበታዊ ብልጭታ፣ ከፍተኛ ኃይል ነው። እያንዳንዱ ፐልስ 200 ናኖሰከንድ ቢቆይና በሰከንድ 1000 ጊዜ ቢደጋገም፣ አማካዩ 5 ሚሊዋት ብቻ ይሆናል። ድግግሞሹ ወደ 10,000 ከፍ ሲል 50 ሚሊዋት ይደርሳል። ስለዚህ ድግግሞሹን (ፍሪኩዌንሲውን) ዝቅ ማድረግ መጠኑንም አብሮ ያወርዳል፤ ብዙ ተጠቃሚ ይህን ሳያስብ ቁልፉን ያዞራል። በሌላ በኩል ቆዳን እምብዛም አያሞቅም፣ በዚህ ሞገድ የሚመከረው ጁልም ከ808ቱ ያነሰ ነው። አማካይ ኃይሉ በሠንጠረዥ ከቀረበ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ካልቀረበ ግን ምን እየገዛችሁ እንደሆነ የምታውቁበት መንገድ የለም።

ለቤት፣ አንድ ሁለት ቦታ ለሚያመው ሰው፣ ከ100 እስከ 300 ሚሊዋት ያለው ባለ አንድ ዳዮድ 3ቢ ይበቃል፤ አጠቃቀሙን ግን መጀመሪያ ባለሙያ ያሳየው። ጁሉን መደራረብ ሕመሙን ቶሎ አያስወግድም፤ መጠኑ ሲበዛ ውጤቱ ሊጠፋ ይችላል። የተለመደው በየቀኑ ለ2 ሳምንት፣ ወይም ቀን እየዘለሉ ለ3 እስከ 4 ሳምንት ነው። ዓይን፣ ካንሰር ያለበት ቦታና የነፍሰ ጡር ሆድ ላይ አይበራም። ቆዳን ለብርሃን ስስ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ዕቃው ሲመጣ መጀመሪያ የጀርባውን ጽሑፍ እዩ፦ ክላስ፣ ናኖሜትር፣ ከፍተኛ ኃይል። 3ቢ ወይም 4 ነኝ እያለ ማስነሻ ቁልፍ ወይም የሚስጥር ቁጥር ከሌለው፣ ወይ ኃይሉ የውሸት ነው ወይ ጥንቃቄው ጎድሏል። በስልክ ካሜራ ሲታይ ወይንጠጅ ነጥብ ቢወጣ ዳዮዱ መብራቱን ብቻ ያሳያል እንጂ ስንት ሚሊዋት እንደሚሰጥ አይናገርም፤ ያንን የሚለካው የሌዘር ኃይል መለኪያ ነው። ከሁሉ በላይ መነጽሩን አትዝለሉ። ኢንፍራሬድ ስለማይታይ ዓይን ራሱን ለመከላከል አይጨፈንም፣ ለ650 የተሠራ መነጽርም 808ን ሊያሳልፍ ይችላል። መነጽሩ ላይ የታተመው ናኖሜትር ከመሣሪያው ጋር ካልገጠመ፣ ትክክለኛው እስኪላክላችሁ መሣሪያውን አታብሩ።