ቢኤክስ90 የአልማዝ መጭመቂያ፦ ለካርቦን ናይትራይድ ሥራ ምን ያህል ይመቻል?

እ.ኤ.አ. በ2012 ንድፉ ይፋ የሆነው ቢኤክስ90፣ ጫፋቸው የተቆረጠ ሁለት አልማዞችን ፊት ለፊት የሚያጋጥም፣ በመዳፍ የሚያዝ የብረት መጭመቂያ ነው። እዚህ የሚገመገመው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ይኸውም አዳዲስ የካርቦን ናይትራይድ (የካርቦንና የናይትሮጅን) ውህዶችን በከፍተኛ ግፊት ለመሥራትና ለመመርመር ነው።

ሊዩና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1989 በስሌት ብቻ ተነሥተው በጥንካሬው ከአልማዝ ጋር የሚፎካከር ካርቦን ናይትራይድ ሊኖር እንደሚችል ካመለከቱ ወዲህ ተሠራ የተባለው ብዙ ነበር፤ ይሁን እንጂ የአተሞቹን አደራደር በማያሻማ ማስረጃ ያሳየ ሥራ ሳይገኝ ዓመታት አልፈዋል። በ2023 የኤድንብራ፣ የባይሮይትና የሊንሾፒንግ ተመራማሪዎች ከ70 እስከ 135 ጊጋፓስካል (አንዱ ጊጋፓስካል የከባቢ አየር ግፊት አሥር ሺህ እጥፍ ገደማ ነው) ጨምቀው፣ በሌዘር ከ1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ አሙቀው ያገኟቸውን ውህዶች ማንነት ያረጋገጡት በሲንክሮትሮን፣ ማለትም በግዙፍ የቅንጣት ማፍጠኛ በሚመነጭ ብርቱ ኤክስሬይ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ መጭመቂያ ሲመረጥ ከጉልበቱ ይልቅ መስኮቱ፣ ማለትም ኤክስሬዩ የሚገባበትና የሚወጣበት ክፍተት ይበልጣል። ካርቦንና ናይትሮጅን ቀላል አተሞች በመሆናቸው ኤክስሬይን የሚበትኑት በደካማው ነው፤ ከሙቀት በኋላ የሚገኘውም እጅግ ደቃቅ የክሪስታል ቅንጣት ስለሆነ፣ መሣሪያውን በጨረሩ ፊት እያዞሩ ከብዙ አቅጣጫ ካልተመለከቱት አወቃቀሩን መፍታት አይቻልም። ቢኤክስ90 የተመሰገነበት ሰፊ ክፍተት ዋጋው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

አያያዙም የታሰበበት ነው። ከአራቱ ብሎኖች ሁለቱ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱ ወደ ግራ ስለሚጠብቁ፣ ተራ በተራ በጥቂት በጥቂቱ ሲዞሩ አልማዞቹ እርስ በርስ እንዳይጠማዘዙ ያግዛሉ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ግን አይንካው። ለመቶ ጊጋፓስካል የሚሆነው የአልማዝ ጫፍ ከፀጉር ውፍረት ብዙም አይሰፋም፤ በመካከሉ የሚገባው ሬኒየም ከተባለ ብረት የተሠራ ማሸጊያ ቀዳዳም ከዚያ ያነሰ በመሆኑ፣ ትንሽ ከመሃል ከሸሸ ግፊቱ ወደ ጎን ያመልጣል።

ጉድለቱ ከአልማዝ መጭመቂያዎች ሁሉ የተለየ አይደለም። የሚገኘው ምርት በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይታይም፤ በዚህ መጠን መሸርሸርን ወይም መቁረጥን በተግባር መፈተን የማይታሰብ ነው። የተሠራውን ውህድ ወደ አየር ለማውጣት ግፊቱ ሲቀነስም አልማዞቹ ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ፣ መሣሪያውን የሚገዛ ቤተ ሙከራ የመተኪያ አልማዝ ወጪን ከመጀመሪያው በጀቱ ውስጥ ቢያስገባ ይሻለዋል።