ስዊዝ ወይስ ኬፕ? አፍሪካን የሚያልፉ ሁለት የመርከብ መንገዶች

ከእስያ ወደ አውሮፓ ዕቃ ጭኖ የሚሄድ መርከብ አፍሪካ ትጋረጥበታለች። ምርጫው ሁለት ነው፤ በሰሜን በግብፁ ስዊዝ ቦይ መሹለክ፣ ወይም በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ያለውን ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕን መዞር።

በዕድሜ የኬፕ ይበልጣል። ፖርቱጋላዊው ባርቶሎሜው ዲያስ ጫፉን ያለፈው በ1488 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። ቫስኮ ዳ ጋማ አሥር ዓመት ቆይቶ በዚያው ዞሮ ሕንድ ገባ። ስዊዝ የተከፈተው በ1869 ነው። ርዝመቱ 193 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን ከሲንጋፖር ሮተርዳም ለሚሄድ መርከብ ወደ 6,500 ኪሎ ሜትር ይቀንሳል። አሥር ቀን ገደማ ማለት ነው። ነዳጁን ብቻ አስቡት!

ታዲያ ስዊዝን ማን ይጠላል? ችግሩ ጠባብ መሆኑ ነው። በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ በአግድም ተሰንቅራ ለስድስት ቀን ዘጋችው። ከ1967ቱ ጦርነት በኋላማ ስምንት ዓመት ጭራሽ ተዘግቶ ነበር። ለማለፍም ዳጎስ ያለ ክፍያ አለ። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች ወደ ስዊዝ በሚወስደው ቀይ ባሕር ላይ መርከቦችን ሲመቱ ብዙ ድርጅቶች ወደ ኬፕ ዞሩ፤ ግብፅ ከቦዩ የምታገኘው ገቢም አሽቆለቆለ።

ኬፕ ቀረጥ ጠያቂ የለበትም። ማዕበሉ ግን አይጣል ነው።

ለእኛ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ጅቡቲ የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ በሆነው ጠባብ መተላለፊያ፣ በባብ ኤል መንደብ ደጃፍ ላይ ናት። ከአውሮፓ የሚመጣ ዕቃችን በኬፕ ቢዞርም መጨረሻው እዚያው ሰፈር ነው። ስለዚህ ቀይ ባሕር ሰላም ከዋለ፣ እኔ ስዊዝን እመርጣለሁ።