ግራፊክስ ካርዴ ከወራት በኋላ፦ ካርዱ ነው ወይስ ዙሪያው?

ይህን ካርድ ከሰካሁት ወራት አልፈዋል። 12 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ 170 ዋት ይበላል። ቀን ቪዲዮ ኤዲት አደርግበታለሁ፣ ማታ ጌም እጫወትበታለሁ። በፍጥነቱ አላማውም። በፉል ኤችዲ የከፈትኩለትን ሁሉ ሳይንገዳገድ ይሸከማል። ስለዚህ የማወራው ስላስቸገረኝ ነገር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰላም ነበሩ። ከዚያ ስክሪኑ ድንገት ይጠቁር ጀመር። አንዳንዴ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ብቻ ይጠፋና ይመለሳል። አንዳንዴ ደግሞ ኮምፒውተሩ እንዳለ ድርግም ይላል። ሁለቱ አንድ በሽታ ይመስላሉ፤ አይደሉም።

ምስሉ ጠፍቶ ከተመለሰ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ከካርዱ በ2 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካላገኘ ድራይቨሩን ራሱ እንደገና ያስነሳዋል። ካልተመለሰላችሁ የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የቢ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ። ያው ሥራ በእጅ ይሠራል። እኔ ድራይቨሩን ደጋግሜ አፕዴት ባደርገውም ምንም አልፈየደም። የፈየደው በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በመሠረታዊ ነገሮች ብቻ በሚነሳበት ሁኔታ) ገብቶ አሮጌውን ከሥሩ መንቀል ነው። ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ አንድም ርዝራዥ ሳያስቀር ይጠርጋል። ከዚያ አዲሱን ጫንኩ፤ የምስሉ ጣጣ በዚያው አበቃ።

ድርግም ማለቱ ግን ቀጠለ። ደግሞ የሚያደርገው ጌም ላይ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ብውል ምንም የለም። ይህ ምልክት ዓይንን ወደ ኃይል አቅርቦቱ፣ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ነው የሚመራው። ማዘርቦርዱ ላይ ካርዱ የሚሰካበት ስሎት ቢበዛ 75 ዋት ነው የሚሰጠው። የቀረው በኬብል ይመጣል፤ አንድ ባለ 8 ፒን እስከ 150 ዋት ያቀርባል። ኬዙን ስከፍተው የገጠመልኝ ሰው የካርዱን ኬብል ከሃርድ ዲስክ መስመር በአዳፕተር ቀጥሎታል! ያ ቀጭን ሽቦ ለዚህ ሥራ አልተሠራም። ካርድ ደግሞ ለቅጽበት ከተጻፈለት ዋት በላይ ይስባል፤ ፓወር ሰፕላዩ ያን ጊዜ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚወጣውን ባለ 8 ፒን ኬብል ሰካሁ። ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም።

ስለ ሙቀት ብዙ አልልም። አቧራውን በየጊዜው ማራገፍ ይበቃል። የዋት ገደቡን ትንሽ ዝቅ ሳደርገው ፋኖቹ ረጋ አሉ፤ የፍጥነቱን ልዩነት በዓይኔ አላየሁትም። ካርዱ ሥራ ሲፈታ ፋኖቹ ጭራሽ ቢቆሙም አትደንግጡ። ብዙ ካርዶች ሆን ተብለው እንዲህ ነው የተሠሩት።

የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፦ ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ላይ ሳላችሁ፣ ባለቀለም ነጠብጣብ ወይም መስመር ካያችሁ። እዚያ የዊንዶውስ ድራይቨር ገና ሥራ አልጀመረም፤ ስለዚህ በእሱ አይሳበብም። የሞኒተሩን ኬብል ቀይሩ፤ ካርዱን ነቅላችሁ እንደገና ስኩ። ካልጠፋ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። እዚያም ካሳየ የካርዱ ሜሞሪ ሳይታመም አይቀርም፤ ዋስትናው ሳያልቅ መልሱት። የእኔው እስካሁን እዚህ አልደረሰም።

አሁንም የማልወድለት ፉጨቱን ነው። ፍሬሙ (በሰከንድ የሚያወጣው የምስል ብዛት) ሲበዛ ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ካርዱ ላይ ያለው የኮይል (የተጠቀለለ ሽቦ) ድምፅ ነው፤ ጆሮ ይበላል እንጂ ጉዳት የለውም። ጌም ውስጥ ፍሬሙን 60 ላይ ስገድበው ይቀንሳል። በዚህ ተስማምተን እየኖርን ነው።