ለወንድ ውሻችሁ «ዘር የሚያበዛ ፕሮባዮቲክ» ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆይ አንዴ!

ውሻ የምታራቡ ሁሉ፣ «አንጀቱን ያክማል፣ ዘሩን ያበዛል» እየተባለ በቴሌግራም የሚሸጠውን የፕሮባዮቲክ (ለአንጀት ይጠቅማል የሚባል ሕያው ባክቴሪያ) ዱቄት እንዳትገዙ። እኔ 3 ቆርቆሮ በ9,600 ብር ገዝቼ ተሞኝቻለሁ።

ሬክስ ጀርመን ሼፐርድ ነው፣ 4 ዓመቱ። ለክሮስ (ለማዳቀል) የመጡለት ሁለት ሴት ውሾች ሳያረግዙ ባዶ ቀሩ። የተቀበልኩትን ገንዘብ መለስኩ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ያበሸቀኝ «የእሱ ውሻ መካን ነው» የሚለው ወሬ ነው። ሻጩ በስልክ ሲያስረዳ ሐኪም ነው የሚመስለው፦ የአንጀቱ መርዝ ወደ ደም ገብቶ ዘሩን ይገድላል፣ ዱቄቱ ግን በ15 ቀን ያስተካክለዋል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፣ እኔም ላክሁ ብሩን።

ቆርቆሮው ላይ የባክቴሪያው ዓይነት አልተጻፈም። በአንድ ማንኪያ ስንት ሕያው ባክቴሪያ እንዳለም የለም። የማብቂያ ቀኑ ተፍቋል። ፕሮባዮቲክ እኮ ነፍስ ያለው ነገር ነው፣ ሙቀትና እርጥበት ይገድለዋል፤ የኔው የመጣው በቀትር ፀሐይ በሞተር ሳጥን ተቀቅሎ ነው።

ትልቁ ውሸት ግን 15 ቀኑ ነው። የውሻ የዘር ህዋስ ተሠርቶ እስኪያልቅ 62 ቀን ገደማ ይፈጃል። ከዚያም ቆለጡ ላይ በተጠመጠመው ቱቦ ውስጥ እየበሰለ ወደ 2 ሳምንት ይቆያል። ስለዚህ የዘሩን ምርት የሚጨምር ነገር ዛሬ ብትሰጡት እንኳ ውጤቱን የምታዩት ከ2 ወር በኋላ ነው። ትኩሳት ይዞት ዘሩ የቀነሰ ውሻም በዚያው ጊዜ ውስጥ በራሱ ሊያገግም ይችላል፤ ምስጋናው ግን ለቆርቆሮው ይሆናል።

ሦስተኛዋም ባዶ ስትቀር ደውዬ ጮህኩበት። «እንግዲያው መርፌ ጨምርበት» አለኝ፣ የወንድ ሆርሞን! ይሄን እባካችሁ አድምጡ፦ ከውጭ የሚሰጥ ቴስቶስትሮን አንጎል ለቆለጡ የሚልከውን ትእዛዝ ያዳክማል፣ ዘሩም ይቀንሳል። ጤነኛውን ውሻ ሊያመክነው ነበር።

ያኔ ነው ሐኪም ዘንድ የሄድኩት፣ መጀመሪያ መሄድ የነበረብኝ ቦታ። የዘር ፈሳሹን በማይክሮስኮፕ አየው። ብዛቱ ጥሩ፣ እንቅስቃሴው ጥሩ። ሬክስ ምንም አልነበረበትም! ጥፋቱ የኛ ነው፤ ሴቶቹን የምናገናኘው ለሁላችን በሚመቸን እሁድ ነበር። ሴት ውሻ ደም ከታየባት በ12ኛው ቀን አካባቢ እንቁላል ትለቃለች ይባላል እንጂ አንዷ በጣም ትቀድማለች፣ ሌላዋ ሳምንት ትዘገያለች። ቀኑን የሚለየው ፕሮጄስትሮን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚለካ የደም ምርመራ ነው፣ የኛ እሁድ አይደለም።

ሌላም አዘዘልን፦ የብሩሴላ ካኒስ ምርመራ። ይህ ባክቴሪያ ወንዱን ያመክናል፣ ሴቷን ያስወርዳል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ሬክስ ነፃ ነው። ነፃ ባይሆን ኖሮ ግን እኔ ዱቄት እየበጠበጥኩ እሱ ከሴት ወደ ሴት ያዳርሰው ነበር፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆች አሉ።

ፕሮባዮቲክ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም፣ ለተቅማጥ ሐኪም ያዘዋል። የሰውን አንስታችሁ ግን አትስጡ፤ አንዳንዱ ውስጥ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለ፣ ውሻን ይገድላል።

ሻጩ አስተያየቴን አጥፍቶ ከቻናሉ አስወጥቶኛል። ያልተከፈተ 1 ቆርቆሮ ቤቴ አለ፣ የተፋቀውን ቀን ማየት የፈለገ ይምጣ።