ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ወይስ ዲስፕሮሲየም የገባበት?

ቃሊቲ አካባቢ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ሞተር ሲፈታ ይህ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ኒዮዲሚየምና ዲስፕሮሲየም ማግኔት ሲሠራ ከብረት ጋር የሚቀላቀሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም ማግኔቶች ከግማሽ በላይ ብረት ናቸው።

ተራው፦ የኒዮዲሚየሙና የብረቱ አተሞች መግነጢስ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋል፤ ጉልበታቸው ይደመራል። ርካሽ ነው። ግን ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል ሊዳከም ይችላል፤ ሲበርድም የሄደው ጉልበት አይመለስም።

ዲስፕሮሲየም የገባበት፦ ዲስፕሮሲየም ከብረቱ በተቃራኒ ይሰለፋልና ጉልበቱን ይቀንሳል። ከፍሎ መክሰር ይመስላል፤ ዋጋውም ይቆነጥጣል። አቅጣጫውን ግን አጥብቆ ስለሚይዝ 150 ዲግሪ የሚችል አለ።

310 ዲግሪ አካባቢ የሁለቱም ሰልፍ ይፈርሳል፤ እሳት አታስጠጉ።

ለድምፅ ማጉያ ተራው ይበቃል። ጭኖ ወደ ሱሉልታ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ለሚግል ሞተር ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።