ባንድካምፕ፦ ቀጣዩን አልበም ለመገመት እንዴት ይነበባል?

አንድ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን አውጥቶ ሲወደድለት "ከዚህ ባንድ ገና ብዙ እንሰማለን" የማይል የለም። አንድ ጥሩ አልበም ይዞ እንዲህ ማለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሳስታል። የመጀመሪያው አልበም ዘፈኖች ለዓመታት ሲለፋባቸው የኖሩ፣ መድረክ ላይ የተፈተኑ፣ ደካሞቹ እየተጣሉ የቀሩት ናቸው። የሁለተኛው ደግሞ ባንዱ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይጻፋሉ። በዚያ ላይ እጅግ በተዋጣ ሥራ ውስጥ ችሎታም ዕድልም አለበት። ችሎታው ለሚቀጥለው ሥራ ይተርፋል፤ ዕድሉ ግን ላይደገም ይችላል። ስለዚህ ከአንድ አልበም ተነስቶ መተንበይ አይቻልም፤ ከሁለት ትንሽ ይቻላል፤ ሦስተኛው ሲወጣ ነገሩ መልክ ይይዛል።

ይህን ለማየት የሙዚቀኛውን ሥራ ሁሉ በተራ የሚያሳይ ቦታ ያስፈልጋል። ባንድካምፕ እዚህ የተገመገመው በዚህ በኩል ብቻ ነው። ይህ የኢንተርኔት የሙዚቃ መሸጫ በ2008 ተጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሙዚቀኛው ራሱ ገጽ ከፍቶ ዲጂታል አልበሙን፣ ሸክላውንና ካሴቱን ይሸጥበታል። ድርጅቱ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳል፤ የሙዚቀኛው ሽያጭ 5,000 ዶላር ሲደርስ ድርሻው ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። ከሸክላና ከካሴት የሚወስደው 10 በመቶ ነው። የክፍያ ማስተላለፊያው ወጪ ለብቻው ይቆረጣል።

ትልቁ ጥንካሬው ገጹ አልበምን ማስቀደሙ ነው። በስትሪሚንግ መተግበሪያዎች የሙዚቀኛ ገጽ ሲከፈት ፊት ለፊት የሚመጡት በብዛት የተደመጡት ዘፈኖች ናቸው። አልበሞቹ ከሥር ተደብቀዋል፤ ተወዳጁ ዘፈን የስምንት ዓመት ሥራ ቢሆንም የዛሬ ይመስላል። በባንድካምፕ ግን የአልበሞቹ ሽፋኖች ጎን ለጎን ተደርድረው ይታያሉ፤ ገና እጅ ሲፈታ የተሠሩት ጥሬ ሥራዎች ሳይቀሩ። ካር ሲት ሄድረስት የተባለው ባንድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዊል ቶሌዶ ባንዱን በ2010 ብቻውን ጀምሮ በዚያው ዓመት በቁጥር ብቻ የተሰየሙ አራት አልበሞችን በባንድካምፕ አወጣ። ከአሳታሚው ከማታዶር ጋር የተፈራረመው በ2015 ነው። በመካከሉ የነበሩትን ዓመታት ገጹ ላይ በተራ ለሚያነብ ሰው፣ ማንም ሳይጠይቀው የሚሠራና ከሥራ ወደ ሥራ የሚሻሻል ሰው ይታየው ነበር። ይኸው ሰው የ2011 አልበሙን "ትዊን ፋንታሲ"ን በ2018 ከሥር ጀምሮ እንደገና ቀዳው። ወደ ቀድሞ ሥራው ተመልሶ ጉድለቱን የሚያርም ሙዚቀኛ ገና የሚለው አለው።

አነባበቡ እንዲህ ነው። የሙዚቀኛውን ገጽ ከፍታችሁ በወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ስሩ፦ የወጣበት ዓመት፣ የቀዳውና ፕሮዲውስ ያደረገው ሰው፣ ከቀደመው የተለወጠው ነገር። የመድረክ ቅጂ፣ ሪሚክስ፣ የዴሞ ስብስብና ድጋሚ እትም አትቁጠሩ፤ ከቆጠራችሁ ሰነፉም ታታሪ ይመስላል። ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ። የወጣበትን ቀን የሚጽፈው ባለገጹ ስለሆነ፣ አንዳንዱ በ1990ዎቹ የታተመ ካሴት ገጹ ላይ በተጫነበት ቀን ይመዘገባል፤ አንዳንዱም ወደ ኋላ ተመልሶ ትክክለኛው ዓመት ይሰጠዋል። ሽፋኖቹን የሚደረድረውም ባለገጹ ነው፤ ከላይ ያለው የቅርቡ ነው ብላችሁ አትለፉ፤ እያንዳንዱን አልበም ክፈቱ።

ቀጥሎ በዘፈኖቹ ዝርዝር ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ማን እንደቀዳው፣ የት እንደተቀዳ፣ ማን ሚክስ (የተቀዱትን ድምፆች ማመጣጠን)፣ ማን ማስተር (የመጨረሻውን ድምፅ ማስተካከል) እንዳደረገው የሚጻፈው እዚያ ነው፤ አብዛኛው አድማጭ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ስለ ቀጣዩ አልበም ከዚህ የበለጠ የሚናገር ነገር ገጹ ላይ የለም።

ቢግ ቲፍን እንመልከት። ባንዱ በ2019 ብቻ ሁለት አልበሞች አወጣ፤ የሁለቱም ፕሮዲውሰር አንድሩ ሳርሎ፣ የድምፅ ባለሙያው ዶም ሞንክስ ነበሩ። ሰዎቹ ሳይለወጡ ቦታው ብቻ ተለወጠ። የመጀመሪያው በዋሽንግተን ግዛት በቤር ክሪክ፣ ሁለተኛው በቴክሳስ በሶኒክ ራንች ተቀዳ፤ አንዱ ለስለስ ያለና ጭጋጋማ፣ ሌላው ደረቅና ጥሬ ሆኖ ወጣ። ለ2022ቱ አልበም የከበሮ መቺው ጄምስ ክሪቭቼኒያ ፕሮዲውሰር ሆኖ ባንዱን በአራት ቦታ ከአራት የድምፅ ባለሙያዎች ጋር አስቀዳ። ከተቀዱት 45 ዘፈኖች 20 ተመረጡ። ይህችን ቁጥር ያዟት። ከግማሽ በላዩን መጣል የቻለ ባንድ መጋዘኑ ባዶ አይደለም። ከአራቱ ባለሙያዎች አንዱ ሞንክስ ነበር፤ በ2025ቱ አልበም ደግሞ ፕሮዲውሰሩ እሱ ራሱ ሆነ። በመካከሉ ቤዝ ተጫዋቹ ማክስ ኦሌያርቺክ በ2024 ከባንዱ ወጥቷል። አንድ ትልቅ ነገር ሲፈርስ ለዓመታት አብሯቸው የሠራ ሰው መሐል ገብቶ ሥራውን ሲይዝ ማየት፣ ጋዜጦች ለአልበም ከሚሰጡት የኮከብ ደረጃ ይልቅ ስለ ነገው ይናገራል።

ከዚህ የሚወጣው መለኪያ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር የሚለውጡ ሙዚቀኞች ይዘልቃሉ የሚል ነው። ቦታ ይለውጣሉ፣ ሰው ያቆያሉ፤ ሰው ይለውጣሉ፣ አሠራር ያቆያሉ። ሁሉንም በአንድ አልበም የሚገለብጥ አብዛኛውን ጊዜ ከመሰላቸት ነው የሚገለብጠው። ምንም የማይለውጥ ደግሞ በአራተኛው አልበም ራሱን መቅዳት ይጀምራል። ዮ ላ ቴንጎ በ1986 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣ ባንድ ነው፤ ድምፁን በትክክል ያገኘው ግን በስድስተኛው፣ በ1993ቱ "ፔይንፉል" ነው። በዚያ ሥራ ከፕሮዲውሰሩ ከሮጀር ሙቴኖ ጋር የጀመሩት አብሮነት እስከ 2009 ድረስ ሰባት አልበም ዘለቀ። በ2023 ደግሞ ሦስቱ የባንዱ አባላት ብቻቸውን ሆነው፣ ራሳቸው ቀድተው ራሳቸው ፕሮዲውስ ያደረጉት አልበም ከምርጦቻቸው የሚቆጠር ሆኖ ወጣ።

የባንድካምፕ ድክመት የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። የሠሩት ሰዎች ዝርዝር ባለገጹ እንደፈለገው የሚጽፈው ተራ ጽሑፍ ነው። አንዱ ሃያ መስመር ይጽፋል፣ ሌላው "በቤት ተቀዳ" ብሎ ያልፋል፣ ብዙው ምንም አይጽፍም። የድምፅ ባለሙያውን ስም ነክቶ ሌሎች ሥራዎቹን ማየት አይቻልም። ስለዚህ የአልበሞችን መረጃ የሚመዘግበውን ድረ ገጽ ዲስኮግስን አጠገቡ ክፍት አድርጉ። እዚያ እያንዳንዱ ስም የራሱ ገጽ አለው፤ የሸክላ እትሞችም በዓመትና በአሳታሚ ተለይተው ተመዝግበዋል። ለምሳሌ የድምፅ ባለሙያውን የአሌክስ ፋራርን ስም ብትከተሉ፣ በአሜሪካ በአሽቪል ከሚገኘው ድሮፕ ኦፍ ሰን ስቱዲዮ ዌንስዴይ የተባለውን ባንድ የ2023ና የ2025 አልበሞች፣ የኤም ጄ ሌንደርማንን የ2024 አልበምም ታገኛላችሁ። ሌንደርማን በዌንስዴይ አልበሞች ላይም ጊታር የተጫወተ ሰው ነው። አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጆሮ ፊት የሚሠሩ ሁለት የዘፈን ጸሐፊዎች እርስ በርስ ይሳሳላሉ፤ ይህን የሚያሳየው ዲስኮግስ እንጂ ባንድካምፕ አይደለም።

ስለ ደጋፊዎች ዝርዝር፦ በአልበሙ ገጽ ላይ የገዙት ሰዎች ትናንሽ ምስሎች ተደርድረው ይታያሉ። ብዛታቸውን አይቶ መተንበይ ትልቅ ስህተት ነው። እዚያ የሚታየው የደጋፊ መዝገብ ከፍቶ የገዛ ሰው ብቻ ነው፤ ያለ መዝገብ የገዛውም፣ በነፃ ያወረደውም አይገባበትም። ትርጉም ያለው ነገር የሚገኘው ሁለት አልበሞች ሲነጻጸሩ ነው። በመጀመሪያው አልበም ላይ ያሉት ሰዎች በሦስተኛውም ላይ ካሉ፣ ሙዚቀኛው ሥራውን የሚያስቀጥልለት ገዢ አለው። የአንድ ደጋፊ ስብስብ ስለሚከፈት ይህን በጥቂት ደቂቃ ማጣራት ይቻላል፤ አሥር ሰው መርጦ ማየት ይበቃል። ሒሳቡም ቀላል ነው። 400 ሰው በ10 ዶላር ቢገዛ 4,000 ዶላር ይሆናል፤ 15 በመቶው ሲነሳ የክፍያ ወጪው ሳይቆረጥ 3,400 ይቀራል። ቤቱ ለሚቀዳ ሰው ይህ ቀጣዩን አልበም ሚክስና ማስተር ያስደርጋል። በስፖቲፋይ ግን ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ምንም አይከፈልበትም። ታማኝ 400 ገዢ ያለው ከብዙ ሺህ መንገደኛ አድማጭ ካለው ይልቅ ይዘልቃል ብሎ መገመት ያስኬዳል።

የሸክላና የካሴት እትም ብዛት በገጹ ላይ ከተጻፈ እሱንም መዝግቡ። "50 ካሴት፣ አልቋል" የሚለው ብቻውን ምንም አይናገርም፤ 50 ሰው ዘመድ ወዳጅም ይሞላዋል። አንድ አልበም ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ከታተመ ግን ሥራው ከወጣ በኋላም እየተፈለገ ነው ማለት ነው።

ከማዳመጥ የሚያመልጥ መንገድ የለም። ባለገጹ ካልከለከለ በቀር አልበሙ ሳይገዛ ሙሉውን ይደመጣል፤ ሲደጋገም ግዙ የሚል ማሳሰቢያ ይመጣል። ጊዜ ከሌላችሁ የቅርቡን አልበም ሁለተኛ ግማሽ ስሙ። የሸክላ አንድ ገጽ ድምፁ ሳይጎዳ የሚይዘው 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የሁለተኛው ገጽ መክፈቻና ከሱ ቀጥሎ ያለው ዘፈን የሙዚቀኛውን ስንቅ ያሳያሉ። ሦስት ጥሩ ዘፈን ፊት ላይ ደርድሮ የቀረውን በመሙያ የሚዘጋ ሰው ጉልበቱ እያለቀ ነው። ለአምስት ወር ካዳመጣችሁት በኋላ እንኳ የሚያስገርማችሁ ዘፈን ከኋላ ካለ፣ ያ ሰው ገና ነው።

ዝምታን ግን ባንድካምፕ አይተረጉምም፤ እናንተም ቶሎ አትተርጉሙት። ቢል ካላሃን ከ2013ቱ አልበም በኋላ አዳዲስ ዘፈኖች የያዘ አልበም እስኪያወጣ እስከ 2019 ቆየ፤ ሲመጣ 20 ዘፈን ይዞ መጣ። ስድስት ዓመት አዲስ ዘፈን ያላወጣ ሙዚቀኛ ያለቀለት ይመስል ነበር። ሎው የተባለው ባንድ ነገር ደግሞ ዕድሜ መለኪያ እንዳልሆነ ያሳያል። በ1994 በጣም ቀስ ባለና ጸጥ ባለ ሙዚቃ ጀምረው፣ ከ2015 ጀምሮ ከፕሮዲውሰሩ ከቢ ጄ በርተን ጋር ሠሩ፤ በ2018 ድምፅን እስኪሰባበር የገፋ፣ ከሁሉም ሥራቸው ደፋሩን አልበም አወጡ። በ2021 በዚያው መንገድ አንድ እርምጃ ጨመሩ። የባንዱ ድምፃዊትና ከበሮ መቺ ሚሚ ፓርከር በኅዳር 2022 በካንሰር ባታርፍ ኖሮ የዚህ ጉዞ ቀጣይ ምዕራፍ ምን እንደሚመስል ማሰብ ዛሬም ያማል። እንዲህ ያለውን ሞት የሚገምት ገጽ የለም።

ሌሎች ጉድለቶች አሉ። ሙዚቀኛው አሳታሚ ሲቀይር አልበሞቹ በሁለት ገጽ ይከፈላሉ፤ በአሳታሚው ስም ያለውን ካልፈለጋችሁ ዝርዝራችሁ ይጎድላል። ድርጅቱ በአንዳንድ ዓርቦች ድርሻውን ይተዋል፤ ልማዱ የተጀመረው መጋቢት 2020 ነው። ለሙዚቀኞች ትልቅ እገዛ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ለገንዘብ ተብለው የሚወጡ የትርፍራፊ ስብስቦች ይበዛሉ፤ እነሱን እንደ አልበም ቆጥራችሁ ሙዚቀኛው ደከመ አትበሉ። ባለቤትነቱም ተናውጧል። በመጋቢት 2022 የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያው ኤፒክ ጌምስ ገዛው፣ በ2023 የሙዚቃ ፈቃድ ለሚሸጠው ለሶንግትራደር ሸጠው፣ በዝውውሩም ከሠራተኛው ግማሽ ያህሉ ከሥራ ተሰናበተ። ባለገጹ የቀድሞ ሥራውን ባሰኘው ቀን ሊያነሳ ይችላል። የምትከታተሉትን ሰው የመጀመሪያ ሥራዎች ገዝታችሁ በፍላክ (የድምፅ ጥራት በማይቀንስ የፋይል ዓይነት) አውርዱና በራሳችሁ ዲስክ አስቀምጡ፤ ያለ እነሱ ማነጻጸር አይቻልም።

በዚህ አነባበብ የትኞቹ ይዘልቃሉ? አሌክስ ጂ በግልጽ ይዘልቃል። ከ2010 ጀምሮ ባንድካምፕ ላይ የተከማቸ ሥራ አለው፣ በ2025 አሥረኛ አልበሙን አውጥቷል፤ ወደ ትልቅ ኩባንያ ሲሻገርም ፕሮዲውሰሩን ጄኮብ ፖርትሬትን ይዞ ነው የተሻገረው፤ የተለወጠው አሳታሚው ብቻ ነው። ሌንደርማንም ይዘልቃል፣ ፋራርና ዌንስዴይ በአጠገቡ እስካሉ ድረስ። ቢግ ቲፍ ላይ ግምቱ ይላላል፤ ከኦሌያርቺክ በኋላ ገና አንድ አልበም ነው ያለው። ቀጣዩ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው የቤዝ ተጫዋቹ ስም ነው፤ የ2025ቱ ሰው ከተደገመ ዓምዱ ላይ "ቆይቷል" ብላችሁ ጻፉ።