ኬጅ ወይስ ኦዲት? ድባቴ ያለበትን ሰው ስለ መጠጥ ስንጠይቅ

ኬጅ (CAGE) እና ኦዲት (AUDIT) የመጠጥ ችግርን ለመለየት የሚያገለግሉ መጠይቆች ናቸው። ኬጅ 4 ጥያቄ ብቻ ነው፦ መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብለው ያውቃሉ? ሰው ስለ መጠጥዎ ሲወቅስዎት ተናደው ያውቃሉ? በመጠጥዎ ጸጸት ተሰምቶዎት ያውቃል? ጠዋት እንደነቁ ጠጥተው ያውቃሉ? ሁለት «አዎ» ከተገኘ ጠለቅ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በቃል ይያዛል፣ ጊዜም አይፈጅም።

ችግሩ የጸጸቱ ጥያቄ ላይ ነው። ድባቴ የያዘው ሰው ባልሠራው ነገር ሁሉ ራሱን ይወቅሳል፤ መልሱ የመጠጡ ይሁን የሕመሙ መለየት ያስቸግራል። «ያውቃሉ» የሚለውም ከ10 ዓመት በፊት የተተወን መጠጥ ሳይቀር ይጨምራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት 10 ጥያቄ አለው፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ሲሆን 8 እና ከዚያ በላይ ለጉዳት የሚያጋልጥ አጠጣጥን ይጠቁማል። በየስንት ጊዜው፣ ምን ያህል ብሎ ስለሚጠይቅ ሱስ ያልሆነውንም ቀድሞ ያገኘዋል። እኛ ዘንድ ግን መጠኑን መቁጠር ፈተና ነው፤ ጠላው በጣሳ፣ ጠጁ በብርሌ፣ ጥንካሬውም እንደ ጠማቂው! ቢሆንም ለድባቴ ታካሚ ኦዲትን እመርጣለሁ፤ ኬጅን ሰልፍ ለበዛበት ቀን።

ጫትን ሁለቱም አይጠይቁም። እሱን ለብቻው ማንሳት ነው።